እግዚአብሔርን ለብር ዋስ አታቁሙት

ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ፣ እዚህ ገዳሪፍም ሆነ ማዶ መተማ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ አንድ ነገር ይነሣል። «የድሮው ብር በረከት የነበረው ስሙ ስላለበት ነው፤ አንበሳውና መስቀሉ ከተነሡ ወዲህ ገንዘባችን አልቆም አለ» ይባላል። የሱዳን ጎረቤቶቻችን ዘንድም ያው ነው። ጊኒው ሲወርድ «የአላህ ስም ቢጻፍበት ኖሮ እንዲህ ባልሆነ» የሚል አይጠፋም። አንዱ መስቀል የያዘው አንበሳ ይመለስ ይላል፤ ሌላው ሸሃዳ ይጻፍበት ይላል። በሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ በዚህ ሐሳብ ግን አንድ ናቸው።

እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሃይማኖት ጠልቼ አይደለም። የማርያም ማኅበር እጠጣለሁ፣ ሱቄንም ሳላማትብ አልከፍትም። የማልስማማው ነጋዴ ስለሆንኩ ነው። ስም ምን ያህል ውድ እንደሆነ፣ ገንዘብ ደግሞ ምን ያህል ከዳተኛ እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። የእግዚአብሔር ስም በገንዘብ ላይ መጻፍ የለበትም። ገንዘቡን አይጠቅመውም፣ ስሙን ያዋርደዋል፣ አጠገባችን ያለውን ሰው ያስቀይመዋል። አንድ በአንድ ላስረዳ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

ዋስ ሳይጠየቅ አይቆምም

በእኛ ንግድ ዋስ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ሰው 50 ኩንታል ሰሊጥ በዱቤ ልውሰድ ብሎ ሲመጣ የምንጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚጾም አይደለም። ዋስህ ማነው እንለዋለን። ዋሱም ተጠይቆ፣ እሺ ብሎ፣ በራሱ እጅ ፈርሞ ነው የሚቆመው። ተበዳሪው ከጠፋ በገበያው ስሙ የሚነሣው የዋሱ ነው። «እገሌ ዋስ ሆኖ አስበላን» ይባላል። ስንት የተከበረ ሰው ነው በሌላ ሰው ዕዳ ስሙ የጠፋው!

የወረቀት ገንዘብም የዱቤ ወረቀት ነው። የድሮው ጠገራ ዋጋው በራሱ ውስጥ ነበር፤ ብሩ ቢቀልጥም ብር ነው። ወረቀቱ ግን ራሱ ምንም አይደለም፤ ያወጣው መንግሥት ቃል ብቻ ነው። መንግሥት ከሚገባው በላይ ባተመ ቁጥር፣ ወረቀቱን በእጁ ከያዘ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። በንግድ ሥራ ዲፕሎማዬ ይህንን ለመማር አንድ ወሰነ ትምህርት ፈጅቶብኛል፤ ገዳሪፍ ገበያ ላይ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። በ2007 አዲሱ የሱዳን ጊኒ ሲወጣ 1 ዶላር ወደ 2 ጊኒ ነበር። ከጦርነቱ በፊት፣ በ2023 መጀመሪያ፣ ወደ 600 ደርሶ ነበር። በ2024 መጨረሻ በጥቁር ገበያው ከ2,000 አልፏል። ብሩም በ2024 ክረምት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ57 ገደማ ወደ 100 ተሻገረ።

እንግዲህ በዚህ ወረቀት ላይ የእግዚአብሔርን ስም መጻፍ ማለት፣ ያልጠየቅነውን ጌታ እየከዳ ለሚኖር ተበዳሪ ዋስ አድርጎ ማቆም ነው። ወረቀቱ ሲወድቅ ሰው ምን ይላል? ስሙ ያለበትን ወረቀት እያየ «ይህም ዋጋ የለው» ይላል። በሁለቱም ሃይማኖቶቻችን የፈጣሪን ስም በከንቱ ማንሣት ኃጢአት ነው። ከዚህ የበለጠ ከንቱ ቦታ ከወዴት ይገኛል?

«አባቶቻችን አድርገውታል»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች እውነት አላቸው፤ አድርገውታል። የአክሱም ነገሥታት መጀመሪያ በሳንቲማቸው ላይ ክብና ጨረቃ ያትሙ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በቦታው መስቀል ገባ። መስቀልን በገንዘብ ላይ በማተም በዓለም ከቀደሙት አንዱ እርሱ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውንም አብረን እንናገር። መስቀሉ ሳይነሣ፣ ወደ መጨረሻው ዘመን የወርቁ ጥራት እየወረደ ሄደ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሙ ራሱ ቆመ። መስቀሉ ወርቁን አልጠበቀውም፤ ሊጠብቀውም አልተሰቀለም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ያስቀረጹት ብር በአንድ ፊቱ የንጉሡ መልክ፣ በሌላው ፊቱ መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳና «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ያማረ ሳንቲም ነው፤ ያየው ያውቀዋል። ታዲያ ገበያው ምን አለ? የገጠሩ ሰው ጠገራውን፣ ማርትሬዛን፣ አልለቅም አለ። የራሱን ንጉሥና የራሱን አንበሳ ትቶ የሩቅ አገር ሴት መልክ ያለበትን ብር መረጠ። የምኒልክ ብር ጠገራውን ከገበያ ሳያስወጣው ዘመኑ አለፈ።

ማርትሬዛ ማን ናት? የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ፣ ካቶሊክ ንግሥት፣ በ1780 የሞተች። ከሞተች በኋላም ብሯ ያው 1780 እየተባለ ይታተም ነበር። በላዩ ያለው ጽሑፍ ላቲን ነው፤ «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚለውም በሁለት ፊደል አጥሮ ተጽፎበታል። ከቅድመ አያቶቻችን ይህንን ማን አነበበው? ማንም። እነርሱ የሚያዩት በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ነበር። ነጥቡ ከጎደለ ሐሰተኛ ነው ብለው ይመልሱታል፤ ሙሉ ከሆነ ያንቃጭሉታል፣ በእጃቸው ይመዝኑታል። ያመኑት በብሩ ጥራት ነው። ሃይማኖታቸውን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አስቀምጠው፣ ገበያ ላይ ሚዛን ይዘው ይወጡ ነበር።

ያ «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚል ብር የት የት እንደዋለም እናውቃለን። ከጎንደር በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን በሚወርደው በዚህ በእኛ መንገድ ቡናና ሰም ተገዝቶበታል። ያሳዝናል እንጂ ሰውም ተሽጦበታል፤ መተማ የባሪያ ገበያ እንደነበረች ታሪክ አይደብቅም። ናፒየር በ1868 ወደ መቅደላ ሲመጣ ስንቁንና ማጓጓዣውን የከፈለው በጠገራ ነው። ሙሶሊኒም በ1935 ሊወረን ሲነሣ ይህንኑ ጠገራ ሮም ላይ አሳትሟል። በረከት በጽሑፍ ቢመጣ ኖሮ ያ ብር ለባሪያ ፈንጋይና ለወራሪ አይገዛም ነበር።

«መቅቡል» የተባለው ያልተቀበሉት ብር

ከዚህ ከራሳችን ደጅ ደግሞ የባሰ ምሳሌ አለ። ማህዲ በ1885 ኻርቱምን ከያዙ በኋላ የራሳቸውን ገንዘብ አሳተሙ፤ «በማህዲ ትእዛዝ» የሚል ነበረበት። በዚያው ዓመት አርፈው ኸሊፋ አብዱላሂ ተተኩ። በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው የእርሳቸው ጦር ነው። የእርሳቸው መንግሥት ሙሉ በሙሉ በሃይማኖት ላይ የቆመ ነበር። በብር ሳንቲማቸው ላይ ካሳተሟቸው ቃላት አንዱ «መቅቡል» ነው፤ ተቀባይነት ያለው ማለት ነው። ሐጅ አድርጎ የመጣውን ሰው ጎረቤቶቻችን ሲመርቁት የሚሰማ ቃል ነው።

ቃሉ ይህን ሲል ሳንቲሙ ምን ሆነ? ኸሊፋው ገንዘብ ባጠራቸው ቁጥር ብሩን እየቀነሱ መዳብ ጨመሩበት። ዓመት በዓመት እየቀላ ሄደ። ኦምዱርማን ላይ ከአሥር ዓመት በላይ በምርኮ የኖረው ኦስትሪያዊው ስላቲን በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ነጋዴው አልቀበልም ሲል ዕቃው ይወረስ ነበር። «ተቀባይነት ያለው» የሚል ብር በግድ ካልሆነ የሚቀበለው አጣ። አሮጌውን ጠገራ ያገኘ ግን ደበቀው።

እኔ ይህንን የምናገረው በኸሊፋው ለመሳቅ አይደለም። ሕጉ ለሁሉም አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። አክሱም ላይ መስቀል፣ ኦምዱርማን ላይ «መቅቡል»። በሁለቱም ቦታ ቃሉ እላዩ ላይ እያለ ማዕድኑ ከውስጥ አለቀ። ነጋዴም በሁለቱም ቦታ ያነበበው ማዕድኑን ነው።

«ዶላር ላይ የእግዚአብሔር ስም አለ እኮ!»

ይህን ክርክር ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ ከሁሉም የሚያታልለውም ይህ ነው። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚል ቃል ዶላር ላይ አለ፤ ዶላርም ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ የጠነከረው በቃሉ ነው ይሉኛል።

ዓመቶቹን እንይ። ቃሉ መጀመሪያ የወጣው በ1864 ነው፤ አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲተላለቁ፣ ባለ 2 ሳንቲሙ ላይ። በወረቀት ዶላር ላይ የታተመው ግን በ1955 ሕግ ወጥቶ ከ1957 ጀምሮ ነው። ዶላር የዓለም ገንዘብ የሆነው መቼ ነው? በ1944፣ ብሬተን ዉድስ በተባለው ስብሰባ። ልብ በሉ፤ ዓለም ሁሉ ለዶላር ሲያድር በወረቀቱ ላይ የእግዚአብሔር ስም አልነበረም። ስሙ የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ያጠነከረው በጦርነቱ ያልወደመው ፋብሪካውና መጋዘን የሞላው ወርቁ ነበር።

ከዚያም በላይ፣ ሃይማኖተኛ ሰው ሆኖ ይህንን ቃል የተቃወመ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1907 አዲስ የወርቅ ሳንቲም ሲያሠራ ቃሉ እንዳይገባ አደረገ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ እንዲህ ያለ የከበረ ቃል በገንዘብ ላይ መጻፉ ጥቅም የለውም፣ ቅድስናንም ወደ መድፈር የተጠጋ ነው ብሎ ጽፏል። ምክር ቤቱ ግን በ1908 ቃሉን በሕግ መለሰው። የሕዝብ ጩኸት አሸነፈ፤ ክርክሩን ግን አልመለሰለትም።

ወደ ብራዚል ደግሞ እንሂድ። በ1986 «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ቃል በገንዘባቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ያን ጊዜ ገንዘቡ ክሩዛዶ ይባል ነበር። በ1989 አዲስ ክሩዛዶ ሆነ፤ በ1990 ክሩዜሮ፣ በ1993 ክሩዜሮ ሪያል፣ በ1994 ሪያል። በስምንት ዓመት አምስት ስም! ዋጋው እየተናደ ከኋላው ዜሮ ሲቆርጡለት ነው የከረሙት። በመጨረሻ የቆመው የመንግሥት ወጪና የባንኩ ሥራ ሲስተካከል ነው። ምስጋናው እዚያው ነበር፤ ያልነበረው ሥርዓት ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው

እስካሁን ያልኩት ቃሉ ገንዘቡን እንደማይጠቅም ነው። አሁን ደግሞ ማንን እንደሚጎዳ እንናገር።

እኔ ሰሊጥ የምገዛው ከአንዲት ሱዳናዊት እናት ነው፤ ሐጃ ብዬ ነው የምጠራት። እርሷ «ያ ኡኽቲ» ትለኛለች። በረመዳን ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ቤቷ ሄጄ ሂሳብ አላነሣባትም፤ በሑዳዴ ደግሞ ለእኔ ወተት የሌለበት ሻይ ታቀርባለች። ሂሳባችን አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ መስቀልም ጨረቃም የለም፤ ኩንታል፣ ዋጋና ቀን ብቻ ነው ያለበት። ለዓመታት ያልተጣላነው ሃይማኖታችን አንድ ስለሆነ አይደለም። ደብተሩ የሁለታችንም ስለሆነ ነው። እኔ መስቀል ያለበትን ብር፣ እርሷ ሸሃዳ ያለበትን ጊኒ ጠረጴዛው ላይ ብናስቀምጥ፣ ያ ደብተር የሁለታችን መሆኑ ይቀር ነበር። አንዳችን በሌላችን ሃይማኖት ገበያ እንግዳ እንሆን ነበር።

ይህ የሴቶች ወሬ ነው የሚል ካለ፣ ሱዳን ራሷ የከፈለችውን ዋጋ ያስታውስ። በ1992 ጊኒው ቀርቶ ዲናር ሲመጣ ለብዙ ሰው ስም ብቻ መስሎት ነበር። ግን ስም ስም ብቻ አይደለም። ደቡቦች የሸሪዓ ሕግ ተጭኖብናል ብለው እየተዋጉ ነበርና፣ ዲናሩን የዚያው አንድ ክፍል አድርገው አዩት። ነፃ አውጪው በያዘው አካባቢ ዲናር አይሠራም ነበር። አሮጌው ጊኒ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ሽልንግ፣ የእኛም ብር ነበር የሚሸመትበት። አንድ አገር ነን እያሉ በአንድ ገንዘብ መገበያየት አልቻሉም።

ስለዚህም በጥር 2004 ናይቫሻ ላይ የሀብት ክፍፍል ስምምነት ሲፈርሙ፣ ከነዳጁ ክፍፍል ጋር አንድ ነገር አስገቡ፦ አዲስ ገንዘብ ይውጣ፣ ሥዕሉም የሱዳንን የባህል ብዙነት ያሳይ። ለሃያ ዓመት የተዋጉ ወገኖች ተቀምጠው የገንዘብ ሥዕል ላይ ተደራደሩ ማለት ነው። በ2007 አዲሱ ጊኒ ወጣ፤ ባለ አንዱ ላይ ርግብ ነበረበት። ዘግይቶ የመጣ ነገር ነበርና አገሪቱን አላዳናትም፤ በ2011 ደቡብ ሱዳን ተለየች። እኔ ግን ከዚያ ስምምነት አንድ ነገር ተምሬያለሁ። በወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት የእኔ አይደለም የሚል ሕዝብ፣ አገሩም የእኔ አይደለም ለማለት ሩቅ አይሆንም።

አሁን ወደ እኛ አገር እንመልሰው። በ1955 በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያ ሕግ የንጉሡ ገንዘብ ላይ የይሁዳ አንበሳ መኖሩ አያስገርምም። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ገንዘቡን ሲቀይር ንጉሡንና ዘውድ የደፋውን አንበሳ አነሣ። በሳንቲሙ ላይ የቀረው ዘውድም መስቀልም የሌለው የአንበሳ ራስ ነው፤ በጀርባው ገበሬና በሬ መጣ። ደርግ ብዙ ክፉ ሠርቷል፣ ብዙዎቻችንም በእርሱ ምክንያት ነው ወደዚህ አገር የተሰደድነው። ግን የሐረር፣ የጅማ፣ የወሎ ሙስሊም፣ የእኛው የመተማ ሙስሊም ነጋዴ፣ በራሱ አገር ገንዘብ ላይ የሌላ ሰው ሃይማኖት ማኅተም ሳይሸከም መገበያየት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ። አንበሳው ከነመስቀሉ ይመለስ የምትሉ ወንድሞቼ፣ ጎረቤታችሁን ፊት ለፊት አይታችሁ በሉት። እዚህ ሱዳን ውስጥ እኛ ጥቂቶቹ ነን። ጊኒው ላይ ሸሃዳ ቢጻፍ ምን እንደሚሰማችሁ ጠይቄያችሁ አውቃለሁ፤ መልሳችሁንም አውቃለሁ። በራሳችን ላይ የማንወደውን በሌላው ላይ አንመኝ።

ገንዘብ የት እንደሚውል አንደብቅ

ገንዘብ መቀነት ውስጥ ይገባል፣ ጡት መያዣ ውስጥ ይገባል። ላብ ይጠጣል፣ ዓሣ ይሸትታል፣ ሽንት ቤት ይወድቃል። ይህ ቀላሉ ነው። ጉቦ ይሆናል፣ የአረቄ ዋጋ ይሆናል። ልጆችን ወደ ሊቢያ ለሚነዱ ደላሎች ይቆጠራል። በመተማ መንገድ ለታገቱ ሰዎች እናቶች ጌጣቸውን ሸጠው የሚልኩት ቤዛም ገንዘብ ነው። ያ አጋች ምራቁን ጣቱ ላይ አድርጎ ሲቆጥር፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ «እግዚአብሔር» የሚል ቃል እንዲያገላብጥ ትፈልጋላችሁ? እኔ አልፈልግም።

ይህን ያሰብኩት የመጀመሪያዋ አይደለሁም። የእስልምና ሊቃውንትም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተከራክረውበታል። ኸሊፋ አብዱልመሊክ በሂጅራ አቆጣጠር በ77 ዓ.ሂ. ምስል የሌለበት፣ ቃል ብቻ ያለበት ዲናር አሳተሙ፤ ሸሃዳና የቁርኣን ቃል ነበረበት። የታሪክ ጸሐፊው አልመቅሪዚ እንደዘገበው፣ በዚያው ዘመን የቁርኣን ቃል የታተመባቸውን ድርሃሞች የጠሉ አንባቢዎች ነበሩ፤ ጡሃራ የሌለው እጅ ይነካዋል ብለው። ገንዘቡንም «መክሩሃ»፣ የተጠላች፣ ብለው ጠሩት። የጠሉት ሃይማኖት ስለሌላቸው ነው የሚል አለ? ሃይማኖታቸውን ስለሚያከብሩ እንጂ። በእኛ በኩልም ጌታችን የግብር ዲናሩን አሳዩኝ ባለ ጊዜ፣ በላዩ ያለው መልክና ጽሑፍ የቄሣር ነበር። ቄሣሩም በዚያ ሳንቲም ላይ ራሱን የአምላክ ልጅ ብሎ የጻፈ ነው። ጌታችን ሳንቲሙ ላይ የእኔ ስም ይተካ አላለም፤ ለባለቤቱ መልሱለት አለ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ከየት ይመጣል?

ወረፋ ላይ ማንም አላነበበም

ሁለት የገንዘብ ቅያሬ አይተናል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሱ 10፣ 50፣ 100 እና 200 ብር ሲወጣ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። ማዶ ሆነን አሮጌ ብር የያዝን ሰዎች እንዴት እንደሮጥን ታስታውሳላችሁ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ መንግሥት ፖርት ሱዳን ተቀምጦ 500ና 1,000 ጊኒውን ቀየረ። ጦሩ በያዛቸው ክፍለ አገሮች ያለ ሰው ባንክ ደጃፍ ተሰልፎ ቀየረ፤ በሌላው በኩል የቀረ ሰው ግን የያዘው ወረቀት እጁ ላይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ወረፋ አንድም ሰው ወረቀቱ ላይ ምን ቃል አለ ብሎ ሲፈልግ አላየሁም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ቀኑ አለፈ ወይስ አላለፈም? የመንግሥት ቀን ሲያልፍ ወረቀቱ ይሞታል። የእግዚአብሔር ስም ቢኖርበት ኖሮ አብሮ ሊቀደድ፣ አብሮ ሊጣል፣ አብሮ እሳት ሊጫርበት ነበር።

ዛሬማ ጭራሽ ወረቀቱም እየቀረ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ገዳሪፍ ላይ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር በበንከክ ነው የምትከፈለው። ማዶ ደግሞ ቴሌብር አለ። ስልኩ ላይ ቁጥር ይመጣል፣ ቁጥሩ ይሄዳል። ምን ሥዕል አለው? ምን ቃል አለው? ያም ሆኖ ሐጃ «ደረሰኝ» ስትለኝ አምኜ ጭነቱን እለቃለሁ። ያመንኩት ቁጥሩንም አይደለም፤ እርሷን ነው። እርሷም እኔን። ንግድ ድሮም የቆመው በዚህ ነው።

ቃሉ ይጻፍ፣ ግን ሚዛኑ ላይ

«ታዲያ እግዚአብሔር ከገበያ ይውጣ ነው የምትይው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ቦታው ሌላ ነው እያልኩ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ስለ ሐሰተኛ ሚዛን በጥብቅ ይናገራሉ፤ በቁርኣን ውስጥ መስፈሪያ ለሚያጎድሉ ሰዎች የተሰየመ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ሁለቱም ስለ ሰፋሪው እጅ ይጨነቃሉ። ታዲያ ሰሊጥ ውስጥ አሸዋ የሚቀላቅል፣ ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ የሚነቅስ፣ ከማዶ ለመጣ ገበሬ የትናንቱን ምንዛሪ የሚነግር ሰው፣ ብሩ ላይ መስቀል ይመለስ ብሎ ሲሟገት ስሰማ ያናድደኛል። መስቀሉን መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ይመልስ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን ተረት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ተረቱ በራሳችን ላይ የተተረተ ነው፤ እውነት እናድርገው እንዴ?

አንድ ነገር ደግሞ ከአያቶቻችን ቤት አንሥቼ ልንገራችሁ። የድሮ አንጥረኞች የአንገት መስቀል የሚሠሩት ጠገራ አቅልጠው ነበር። ሙስሊሞቹ እናቶችም ከዚያው ጠገራ አምባር ያሠሩ ነበር። ገንዘቡ መጀመሪያ በእሳት ይቀልጣል፤ ገንዘብነቱን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አንገት ላይ የሚንጠለጠለው። ትክክለኛው መንገድ እርሱ ይመስለኛል። እኛ ግን ዛሬ የተገላቢጦሹን፣ መስቀሉን አንሥተን ገንዘብ ላይ እናትም እያልን ነው።

በገንዘብ ላይ ቃል የግድ ይጻፍ ካላችሁ፣ ከአክሱም የሚወረስ አንድ አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ተራው ሰው በሚገበያይባት ትንሽ የመዳብ ሳንቲም ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ ነው፦ ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ። ንጉሡ ገንዘቡን አውጥቶ የሚመኘው የሕዝቡን ደስታ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ንጉሡ እንዳየው ነበር። ዛሬ አገሩ እኔና ሐጃ፣ ጎንደሬውና ሐረሬው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ዋቄፈታው ነን። ሀገርን ደስ የሚያሰኝ ገንዘብ ሁላችንም የእኔ ነው ብለን የምንይዘው፣ ጠዋት በያዝነው ዋጋ ማታ የምናገኘው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ላይ «ስሙ ይመለስበት» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ዝም አትበሉ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ዶላር የዓለም ገንዘብ የሆነው ቃሉ ሳይጻፍበት ነው ወይስ ከተጻፈበት በኋላ? ማዶ ያለው ወንድምህ የእርሱን ቃል ቢጽፍ ትቀበላለህ? ወረቀቱ የወደቀ ቀንስ ዕዳውን ማን ላይ ልታላክክ ነው? ከዚያ በኋላ የባንኩን ገዥና የመንግሥትን በጀት እንጠይቅ፤ የፈረሙት እነርሱ ናቸው። ዕዳውን የፈረመ ይክፈል። እግዚአብሔር ግን አልፈረመም።